ካራቱን ጠይቁ
ስለ ባይኖኩላር አመራረጥና አጠቃቀም ለአራዳ ታዳሚዎች የቀረበ ዲስኩር



ባይኖኩላር ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ወይ ወታደር ነው ወይ ፈረንጅ ቱሪስት። የራሱ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰውም ሱቅ ገብቶ የሚያነሣው ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ይላል። ሻጩም ትልቁን ቁጥር ይጠራለታል፤ ገዢው ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ከወር በኋላ ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ጉዳይ አጭር ነው፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። «ምን ያህል ብርሃን ያስገባል? በእጄ ይዤው ሳይንቀጠቀጥ ይቆምልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሁለቱን ያሟላ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ ስሜን ተራሮች እስኪሄድ ድረስ መጠበቅ የለበትም። እዚሁ ከጊዮርጊስ ግቢ ይጀምራል።

መሣሪያው ከየት እንደመጣ ጥቂት ልበል፤ ከእሱ በፊት ወፍ እንዴት ይጠና እንደነበር በማየት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የምናያቸውን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም የማይገኙትን አንገተ ነጭ እርግብና ወፍራም መንቁር ያለውን ትልቁን ቁራ ለሳይንስ ስም ሰጥቶ ያስመዘገበው እሱ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልባትን ረጅም መንቁር ወፍና ክንፈ ሰማያዊውን ዝይም እንዲሁ። ግን በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ነበር። ተመራማሪው ተኩሶ ይጥላል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ጭድ ወይም ጥጥ ይሞላዋል፣ ወደ ሙዚየም ይልካል። የላባውን ቀለም ለመለየት ወፉን እጅ ላይ ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ እጅ ላይ የሚገኘው ደግሞ ሲሞት ነው።

ያን ልማድ የለወጠው መስታወት ነው። ቀደም ሲል የነበረው የሁለት ዓይን መነጽር ሁለት አጫጭር ቱቦዎች የተጣመሩበት ሲሆን፣ የሚያቀርበው ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት እጥፍ ያህል ነበር፤ የሚያሳየውም ጠባብ ነው። ኢኛትሲዮ ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ብርሃንን በፕሪዝም እያጠፈ የሚያስተላልፍ ዘዴ አስመዘገበ። ነገር ግን ለዘዴው የሚመጥን ጥራት ያለው መስታወት በጊዜው አልነበረም። የጀርመኑ የዛይስ ፋብሪካ በኤርንስት አቤ መሪነት ባለፕሪዝሙን ባይኖኩላር ለገበያ ያቀረበው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ የሩቁን ወፍ ላባ ለመቁጠር ወፉን መግደል ግድ አልሆነም። ስለ መነጽር ጥቅም ስታስቡ ከሁሉ በፊት ይህን አስቡ፤ ሳይጠጉ ማወቅ የሚቻለው በእሱ ነው።

ሆኖም ማቅረብና ማወቅ የተለያዩ ናቸው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚሁ ፒያሳ ቆሟልና ምሳሌውን ከዚያው ልውሰድ። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት የተንቀሳቀሰው የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ የያዘው የንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም ያለቦታው አስቀምጦት ነበር። ብርጌዱ የአገሬው ሰው በትክክል ኪዳነ ምሕረት ወደሚለው ኮረብታ ገፍቶ ሄደ፤ ከተቀሩት የጣሊያን ጦር ክፍሎችም ርቆ ብቻውን ተጋለጠ። የት ቆሞ ምን እንደሚያይ ለማያውቅ ሰው የትኛውም መስታወት አይደርስለትም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ አጠቃቀሙ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ባይኖኩላሩ ገላ ላይ 8×42፣ 10×25፣ 7×50 የሚል ጽሕፈት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ በር ቁልቁል ቸርችል ጎዳናን ብታዩ ለገሃር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል እንበል። 8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ለገሃርን 250 ሜትር ላይ እንደቆማችሁ ያህል ያሳያችኋል። 10 እጥፉ 200 ሜትር ላይ ያደርሳችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 50 ሜትር ብቻ ነው። ለዚያች 50 ሜትር የምትከፍሉት ግን ቀላል አይደለም፤ ሦስት ነገር ታጣላችሁ።

አንደኛ ብርሃን። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይሆናል። ይህ በሚሊሜትር የሚለካ፣ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። መነጽሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ሰማይ ብትይዙት በዓይን በኩል ባለው ሌንስ መሐል ትንሽ ብሩህ ክብ ታያላችሁ፤ እሱ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጠብባል፤ ሲመሻሽና ሲነጋ ይሰፋል፤ በወጣት ዓይን በጨለማ እስከ 7 ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ብዙ አይከፈትም። 10×25 የሚሰጠው 2.5 ሚሊሜትር ነው። እኩለ ቀን ላይ ስታዲየም ውስጥ ይበቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጦጦ ጽድ ሥር ግን ጥቁር ነገር ከማየት በቀር የሚጠቅማችሁ የለም፤ ወፎች የሚነቁት ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ እርጋታ። መነጽሩ የሚያጎላው ወፉን ብቻ ሳይሆን የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ ነው፤ 10 እጥፍ ሲያቀርብ 10 እጥፍ ያንቀጠቅጣል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦ ወጥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ፣ ልቡ እየደለቀ መነጽር ያነሣ ሰው የምለው ይገባዋል። ከ12 እጥፍ በላይ የሆነ አብዛኛው ባለሦስት እግር መቆሚያ ካልታከለበት ለዓይን ድካም ነው።

ሦስተኛ ስፋት። ባቀረበ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ ይጠባል። ደህና የሚባል 8 እጥፍ መነጽር በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ገደማ ስፋት ያሳያል፤ 10 እጥፉ ብዙ ጊዜ 110 አካባቢ ነው። ቅጠል መሐል የምትዘልን ትንሽ ወፍ ለመፈለግ ያቺ ልዩነት ብዙ ናት። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ገዢ ነው፤ 20 እጥፉን ይዞ ይወጣና በቅርንጫፍ ያለችውን ሳያገኛት ትበራለች።

ቁጥሩ የማይነግራችሁ ደግሞ አለ። እዚህ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ግራሙን ብቻ ጠይቆ የሚከፍል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? 18 ካራት ነው 21 ሳይል የሚገዛ የለም። ባይኖኩላር ላይ የተጻፈው ቁጥር ግራሙ ነው፤ የመስታወቱ ጥራትና በላዩ ላይ ያለው ቅብ ካራቱ ነው። ባዶ መስታወት ብርሃን ባረፈበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። በአንድ ባይኖኩላር ውስጥ ብርሃን 12 ገጽ ቢያልፍ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ያቃለለው እ.ኤ.አ. በ1935 በዛይስ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ያስመዘገበው ስስ ቅብ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት ሁሉ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ድርብርብ ቅብ አላቸው። ሌንሱን በብርሃን አዙራችሁ ስታዩት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ካሳያችሁ ደግ ምልክት ነው። ገበያ ላይ እንደ ቀይ እንቁ የሚያብለጨልጭ ሌንስ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ለዓይን ያምራሉ፤ ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ኋላ መልሰው የምታዩትን ሁሉ አረንጓዴያማ ያደርጉባችኋል። «180 እጥፍ የሚያጎላ ዙም» የሚል ካርቶን ካጋጠማችሁም አትከራከሩ፤ እለፉት። እጅ ላይ የሚያዝ እንዲህ ያለ ባይኖኩላር የለም።

እንግዲህ የትኛውን? ዋጋው ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ብር አልጠራም፤ መጠኑን ግን ልጥራ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 8×42 ይግዛ፤ ለጫካ፣ ለሐይቅ ዳር፣ ለንጋትና ለምሽት ይሆናል። ክብደቱ ከ600 እስከ 800 ግራም ገደማ ነው። ብዙ በእግሩ የሚሄድ፣ ወይም አንገቱን የሚያመው ሰው 8×32 ይያዝ። ሜዳማና ገደላማ አገር የሚያዘወትር፣ የስሜንን ገደል፣ የመንዝ ጓሳን ሜዳ የሚያይ፣ እጁም የረጋ ከሆነ 10×42 ይሆነዋል። 7×50 ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጣና ላይ በጀልባ ለሚሄድና ሌሊት ሰማይ ለሚያይ ይስማማዋል። ኪስ የሚገባው 8×25 ለስታዲየምና ለቲያትር ይበቃል። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ደግሞ ይህን አትርሱ፤ በአንድ ዋጋ ርካሽ 10×42 ከመግዛት ደህና 8×32 መግዛት ይሻላል። ስመ ጥሮቹ ዛይስ፣ ሌይካና ስዋሮቭስኪ ዋጋቸው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም፤ ኒኮንን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ግን መካከለኛውን ገዢም አስበው ይሠራሉ። ስሙን ሳይሆን ዕቃውን ፈትሹ።

እንዴት ይፈተሻል? መጀመሪያ ከሱቁ ደጅ ውጡ። በመደርደሪያው መብራት ሥር ሁሉም መነጽር ያምራል። ውጭ ቆማችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና ቅድም ያልኳችሁን ብሩህ ክብ እዩ። ሙሉ ክብ ከሆነ ፕሪዝሙ ደህና ነው፤ ጎኖቹ ተቆርጠው አራት ማዕዘን የመሰለ ጥላ ካለበት ፋብሪካው በፕሪዝሙ ቆጥቧል። ቀጥሎ ራቅ ያለ የጣሪያ ጠርዝ ወይም የመብራት ገመድ ላይ አነጣጥሩና መነጽሩን ከዓይናችሁ ቀስ በቀስ አርቁ። መስመሩ በሁለቱ ዓይን አንድ ሆኖ ከቀጠለ ጥሩ ነው፤ በግራ ከፍ በቀኝ ዝቅ ብሎ ሁለት ከሆነ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል። የተዛነፈ መነጽር ለደቂቃ ያህል ደህና ይመስላል፤ ዓይናችን እየጎተተ ያስተካክለዋልና። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታት ነው። የፎከሱን ጎማ አሽከርክሩት፤ ሳይደናቀፍና ሳይላላ ይዙር። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ሳታወልቁ ሞክሩት፤ የጎማ ቆቡ ወደ ታች ሲጠቀለል ሙሉውን ክብ ካላያችሁ አትግዙት። መግለጫው ላይ ዓይን ከሌንሱ ርቆ ማየት የሚችልበት ርቀት 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቢል ይመረጣል።

አሮጌ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በፊተኛው ሌንስ በኩል ወደ ውስጥ አሳዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተንሰራፋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ቅቡን በልቶታል። ጠንካራ የሶቪየት ሥሪት መነጽር ስታገኙም እንዲሁ ፈትሹት፤ ብዙዎቹ የሚያሳዩት ነገር ትንሽ ቢጫ ያዘነብላል፤ አካላቸው ግን ብርቱ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ዕቃው አውሮፕላን ላይ ከመጫኑ በፊት የጉምሩክን ደንብ ይጠይቅ።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ባይኖኩላርም ወፉ ሲመጣ አይስተካከልም። መጀመሪያ መሐሉን አጥፋችሁ ወይም ዘርግታችሁ በሁለት ዓይናችሁ ልክ አድርጉት፤ ሁለት ክብ መሆኑ ቀርቶ አንድ ክብ ይሁን። ከዚያ አንድ ጽሕፈት ያለበት ሩቅ ነገር፣ የሱቅ ማስታወቂያም ቢሆን፣ ምረጡ። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ከልሉና በግራ ዓይናችሁ ብቻ እያያችሁ በመሐለኛው ጎማ አጥሩት። አሁን ግራውን ከልሉ፤ መሐለኛውን ጎማ ሳትነኩ በቀኙ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት እያዞራችሁ ያንኑ ጽሕፈት አጥሩት። የሁለት ዓይን ጉልበት እኩል ስላልሆነ ነው ይህ የሚደረገው። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውሱ፤ ከእንግዲህ የምትነኩት መሐለኛውን ብቻ ነው። ቤተሰብ ውስጥ መነጽሩን የሚቀባበል ሰው ካለ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይወቅ።

አጠቃቀሙ ላይ የጀማሪ ችግር አንድ ነው፤ መነጽሩን አንሥቶ በመነጽሩ ይፈልጋል። በዚያ ጠባብ ክብ ሰማይ ቢፈለግ አይገኝም። በባዶ ዓይናችሁ ፈልጉ፣ አግኙ፣ ዓይናችሁን ከነገሩ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ወደ ዓድዋው ካርታ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ምልክት ያዙ። «ከደረቁ ባሕር ዛፍ ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ ከግንዱ ወደ ቀኝ» ብላችሁ ለራሳችሁ ንገሩ። ክርናችሁን ወደ ጎድናችሁ ሰብስቡ፤ ግድግዳ ወይም ዛፍ ካለ ተደገፉ፤ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ እዩ። ሁለት ቀን እንዲህ የተለማመደ ልጅ በሦስተኛው ቀን ከእኛ ቀድሞ ያገኛል።

አሁን ከዚህ አዳራሽ እንውጣ። በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እርግብ ሲሰፍር ማን አስተውሎ ያውቃል? በባዶ ዓይን ሁሉም ግራጫ ነው። 8 እጥፉን አንሡ። አንዷ ክንፏ እንደ ሸክላ ቀላ ብሎ ነጫጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ ዓይኗም ዙሪያውን በቀይ ቆዳ ተከብቧል፤ እሷ በብዙ የአፍሪካ አገር ያለችው ናት። ከአጠገቧ ያለችው ግን ሙሉ በሙሉ አመድማ ናት፤ ራሷን ስታዞር ማጅራቷ ላይ ጥርት ያለ ነጭ ሻሽ የመሰለ ምልክት ይታያል፤ ስትበርም ክንፏ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል። ይህቺ ነች ሩፔል ያስመዘገባት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሌለችው። በሺህ የሚቆጠር ዶላር አውጥተው አገራችን ድረስ የሚመጡ ሰዎች ከሚፈልጓቸው አንዷ ናት፤ እኛ በየቀኑ ከሥሯ እናልፋለን።

ቀና በሉ። ከፒያሳ ሰማይ የማይጠፋው አሞራ በአብዛኛው ጅራቱ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ነው። መነጽሩን አንሥታችሁ ጅራቱን ብቻ ተከተሉ፤ ክንፉን ሳያርገበግብ ጅራቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጠመዘዘ እንደሚዞር ታያላችሁ፤ መሪው እሱ ነው። ከነሱ መሐል ሰፋ ያለ ክንፍና አጭር ጅራት ያለው፣ ፊቱ ላባ የሌለው ካጋጠማችሁ በደንብ እዩት። ባለ ቆብ ጥንብ አንሣ ይሆናል፤ ሲቆጣ ወይም ሲረበሽ ሮዝ መልክ ያለው ፊቱ ይቀላል። ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ እናየዋለን፤ እንንቀዋለንም። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የመጥፋት አደጋ እጅግ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሕንፃም ይታያል። አፈወርቅ ተክሌ የሠሯቸውን የጊዮርጊስ ካቴድራል የውስጥ ሥዕሎች፣ የካህናቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ከጸሎት ሰዓት ውጭ በ8×42 ብታዩአቸው ከወለሉ ላይ ሆናችሁ የማይታያችሁን የብሩሽ መስመር ታያላችሁ። የቀሩት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የእንጨት ሰገነትና የጣሪያ ጠርዝ ጥርብም እንዲሁ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፈሩ ምን ያህል እንደተለወጠ ለእናንተ አልነግርም፤ የቀረውን ጠጋ ብሎ ማየት ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ከአራዳ ስትወጡ እንጦጦ አለ፤ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ትልቁን ቁራ እዚያ ታገኙታላችሁ። ሰማዩ በጠራ ቀን የየረርና የዝቋላ ራስ ከዚያ ይታያል። በአምቦ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ገፈርሳ ላይ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ አለ፤ ውሃው የከተማው መጠጥ ነውና ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ አለ። ከዚያም የመንዝ ጓሳ ይመጣል፤ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ልማዳዊ የመሬት ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፤ ቀይ ቀበሮ በጠዋት አይጥ ሲያድን የሚታየው እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ተጠግቶ ፎቶ ለማንሣት የሚሯሯጥ ሰው አደኑን ያበላሽበታል፤ ባይኖኩላር ያለው ሰው ግን ከርቀት ተቀምጦ ሙሉውን ያያል።

ሰዓትና ወቅትም ይመረጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ወፉም ይንቀሳቀሳል፣ አየሩም አይርገበገብም። እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ ሩቁ ሁሉ እንደ ውሃ ይዋልላል፤ ያኔ መነጽሩን አትውቀሱት። ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ አቧራው ታጥቧልና እይታው ይጠራል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኞች አሉ፤ በቢሾፍቱና በአቃቂ ዙሪያ ሽመላዎችንና ሌሎች የውሃ ወፎችን ታያላችሁ። ሌሊትም ሥራ አይፈታም። ግድግዳ ተደግፋችሁ ጁፒተርን ብታዩ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸውን አራቱን ጨረቃዎች እንደ ነጥብ ተሰልፈው ልታዩ ትችላላችሁ። እንጦጦ ላይ ያሉት የኅዋ ምርምር ማዕከል ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው፤ የእኛው 42 ሚሊሜትር ግን ለመጀመር አያንስም።

አያያዙን ባጭሩ ልበል። አቧራ ያረፈበትን ሌንስ በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ፤ አቧራው ድንጋይ ነው፣ ቅቡን ይፍቃል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ ለመነጽር በተሠራ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉ። ዝናብ የማይገባበትና ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ ከሆነ ለደጋው ክረምት ይመቻል፤ ካልሆነ ከብርድ ወደ ሞቃት ቤት ስትገቡ ውስጡ ላብ ይይዛል። ማሰሪያውን አሳጥሩ፤ እምብርት ላይ የሚወዛወዝ መነጽር ድንጋይ ይመታዋል። ሰው በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ከጃኬታችሁ ውስጥ አድርጉት።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ በባይኖኩላር ፀሐይን በፍጹም አትዩ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ እንደ ነበረው ያለ ቀን ሲመጣ ፈተናው ይበዛል። መነጽሩ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ይጨምረዋል፤ የዓይን የኋላ ግድግዳ ሲቃጠል አያምም፤ ሰውዬው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ አራዳ ከቤተ መንግሥትና ከብዙ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት አይርቅም። ወደዚያ፣ ወደ ወታደራዊ ቦታና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መነጽር አታንሡ። ጥበቃ ቀርቦ ከጠየቃችሁ ቁጣ አያስፈልግም፤ መነጽሩን ስጡትና ወፉን አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሦስተኛ፣ የሰው መስኮት የሰው ገበና ነው። ጎረቤት ቤት ላይ ያነጣጠረ ሰው የወፍ ወዳጅ ነኝ ቢል ማንም አያምነውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየዓመቱ ጥር አካባቢ በሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ይሠራል፤ ቆጠራው ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዓይን በአንድ ቀን አይገኝም፤ መነጽርም ለእያንዳንዱ ልጅ አይገዛም። ስለዚህ የሰፈራችን ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበብ ያላቸው ሁሉ አዋጥተው አንድ ደህና 8×42 ይግዙ፤ በሳምንት አንድ ጠዋት እየተቀባበሉ፣ ያዩትን በቀንና በቦታ በደብተር ይጻፉ። በአራዳ ስንት አንገተ ነጭ እርግብ እንዳለ፣ የትኛው ጣሪያ ላይ ጎጆ እንደምትሠራ፣ ጥንብ አንሣው በየወሩ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ ዓመት ሙሉ የጻፈ ክበብ ተመራማሪ የሚፈልገው ሰነድ በእጁ ይኖረዋል። ለዚህ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ አያስፈልግም፤ ብርሃን የሚያስገባ፣ እጅ ላይ የሚረጋ፣ የሚጽፍ ልጅ ያለው መነጽር ይበቃል። መዋጮውን ለመጀመር የሚፈልግ መምህር ካለ ከንግግሬ በኋላ ያነጋግረኝ፤ አመራረጡን አብሬው ሱቅ ድረስ ሄጄ አግዘዋለሁ።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።